ክብደትን የጠላው መሐንዲስ፤ የኮሊን ቻፕማን የሕይወት ታሪክ

በቋንቋችን ቀላል የሚለው ቃል ሁለት መልክ አለው። ሸክሙ ቀላል ነው ስንል እናመሰግናለን፤ ሰውየው ቀላል ነው ስንል ግን እንነቅፋለን። ከባድ የተባለ ሰው ደግሞ በሸንጎ ይከበራል፤ ቦታም ይለቀቅለታል። ስለ መኪናም ብዙ ሰው የሚያስበው በዚሁ ዓይነት ነው። ትልቅ፣ ከባድ፣ ወንበሩ የሚያሰምጥ፣ በሩ ሲዘጋ ድምፁ የታፈነ መኪና የክብር መኪና ይባላል። እኛ ዛሬ ታሪኩን የምንተርክለት ሰው ግን ይህን አስተያየት ገልብጦ፣ መኪና የሚሻሻለው ከላዩ ላይ በተቀነሰለት ነገር መጠን ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የሠራ መሐንዲስ ነው። ስሙም ኮሊን ቻፕማን ይባላል።

ይህን የሕይወት ታሪክ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጣሪያ የሌላትን፣ በር የሌላትን፣ ዝናብና አቧራ የምታስገባን መኪና ሰዎች ከተደላደለ መኪና አብልጠው ለምን እንደሚወዱ የቻፕማን ሥራ በግልጽ ስለሚያስረዳ ነው። ሁለተኛው ምክንያት፣ ብልሃት ልክ ሲያጣ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚሁ ሰው ኑሮ ስለምንማር ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

አንቶኒ ኮሊን ብሩስ ቻፕማን የተወለደው በሜይ 19 ቀን 1928 በለንደን አጠገብ በሪችመንድ ነው። አባቱ በሰሜን ለንደን፣ ሆርንሴይ በተባለው ሰፈር፣ ሬልዌይ ሆቴል የሚባለውን ቤት ያስተዳድር ስለ ነበረ ልጁ ያደገው በዚያ ነው። የልጅነቱ ዘመን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነበረ። ጦርነቱ ባለቀበት በ1945 ለንደን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የምሕንድስና ትምህርት ጀመረ። የተማረውም ድልድይና ሕንፃ የሚቆምበትን ጥበብ ነበረ፤ ይኸውም ሸክም በየትኛው ምሰሶ በኩል አልፎ ወደ መሬት እንደሚወርድ፣ የትኛው ብረት እንደሚጨነቅና የትኛው ያለ ሥራ እንደሚቆም ለይቶ የማወቅ ትምህርት ነው። በዚያው ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የአየር ጓድ ውስጥ ገብቶ አውሮፕላን መንዳት ተማረ። አውሮፕላን ደግሞ ትርፍ ክብደትን ከቶ አይታገሥም። እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ ትምህርቶች፣ የድልድዩና የአውሮፕላኑ፣ በአንድ ወጣት ራስ ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

ቻፕማን ተማሪ ሳለ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ አሮጌ መኪናዎችን እየገዛ ይሸጥ ነበረ። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር አዲስ መኪና ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ንግዱ ለጊዜው ደኅና ሄደ። ነገር ግን በ1947 መጨረሻ ላይ መንግሥት ለግል ባለመኪናዎች ይሰጥ የነበረውን የቤንዚን ራሽን ስላቆመ የአሮጌ መኪና ገበያ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ወጣቱም ነጋዴ መኪናዎቹን በኪሳራ ሸጦ፣ ገዢ ያላገኘች አንዲት አሮጌ ኦስቲን ሴቨን ብቻ በእጁ ቀረች። ኦስቲን ሴቨን በ1922 መሠራት የጀመረች፣ ትንሽና ርካሽ የሕዝብ መኪና ነበረች። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዕድሉ አዝኖ ይተዋት ነበር። እርሱ ግን ካሮሴሪዋን ገፎ ጣለና፣ በአሉሚኒየም በተለበጠ ኮምፔንሳቶ አዲስና ጠንካራ ገላ ሠራላት። ሥራው የተፈጸመው በ1948፣ ኋላ ሚስቱ በሆነችው በሄዘል ዊልያምስ ወላጆች ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ጋራዥ ውስጥ ነው። ከዚያች ከወደቀች መኪና የወጣችው ሥራ የመጀመሪያዋ ሎተስ ሆነች።

ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል አገለገለ፤ ቀጥሎም በአሉሚኒየም ኩባንያ በመሐንዲስነት ተቀጠረ። ቀን በቢሮ ይሠራል፤ ማታና በዕረፍት ቀን ደግሞ መኪና ይሠራል። በ1952 የሎተስ ኩባንያ በሕግ ተቋቋመ። መነሻ ገንዘቡም ሄዘል ያበደረችው 25 ፓውንድ ነበረ ይባላል። ፋብሪካውም ከአባቱ ሆቴል ጀርባ የነበረ የፈረስ ጋጣ ነው። ፈረስ ይታሰርበት በነበረው ቤት ውስጥ፣ ለነጂው እንደ ፈረስ የምትታዘዝ መኪና ተሠራች ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚያ ጋጣ የተሠራችው ስድስተኛዋ ሎተስ የቻፕማንን ብልሃት ለሕዝብ ያሳየች የመጀመሪያዋ ናት። በዚያን ዘመን የመኪና ሻንሲ ማለት እንደ መሰላል የተጋደሙ ሁለት ወፍራም ብረቶች ነበሩ። ቻፕማን ወፍራሙን ብረት ትቶ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎችን በሦስት ማዕዘን እያገናኘ በየደ። ሦስት ማዕዘን፣ በጂኦሜትሪ ትምህርታችን እንደምናውቀው፣ ጎኖቹ ካልተሰበሩ በቀር ቅርጹን አይለውጥም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ቱቦ ብቻውን ደካማ ሲሆን ሁሉም በአንድነት ሲተባበሩ ሞተሩንም ጎማውንም ነጂውንም ይሸከማሉ። ባዶው ሻንሲ 25 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝን ስለ ነበረ አንድ ብርቱ ሰው ብቻውን ሊያነሣው ይችል ነበር።

ክብደት መቀነስ ለምን ይህን ያህል እንደሚጠቅም በአጭሩ እናስረዳ። ሞተርን ማጠንከር መኪናን በቀጥታ መንገድ ላይ ያፈጥናል። ክብደትን መቀነስ ግን በቀጥታውም፣ በመታጠፊያውም፣ ፍሬን ሲያዝም ይረዳል። አንድ ምሳሌ እንስጥ። 500 ኪሎ የምትመዝን መኪና 40 የፈረስ ጉልበት ቢኖራት፣ እያንዳንዱ ፈረስ የሚጎትተው 12 ኪሎ ተኩል ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በዚህ ልክ እንዲጎተት 120 የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል። ይህም ሆኖ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲሄዱ የከባዱ መኪና ፍሬን ከቀላሏ ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ማብረድ አለበት፤ በመታጠፊያም ላይ ጎማዎቹ ሦስት እጥፍ ይጨነቃሉ። ስለዚህ ፍሬኑ መተለቅ፣ ጎማው መስፋት፣ ሞላው መጠንከር ይኖርበታል፤ እነዚህም ሁሉ በተራቸው ሌላ ክብደት ይጨምራሉ። ክብደት ክብደትን ይወልዳል ማለት ነው። ቻፕማን ይህን የትውልድ ሐረግ ከሥሩ ቆረጠው።

በ1957 ሎተስ ሴቨን የምትባለው መኪና ወጣች። የስሟ ትርጉም ሰባተኛዋ ማለት ነው። ክብደትዋ በ500 ኪሎ ገደማ፣ የመጀመሪያው ሞተርዋም ከተራ የፎርድ መኪና የተወሰደ 40 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለው ነበረ። በዚች መኪና ላይ ያለውን ከመቁጠር የሌለውን መቁጠር ይቀላል። እውነተኛ በር የላትም፤ ጣሪያዋ የሚገፈፍ ሸራ ነው፤ ሬድዮ የላትም፤ የዕቃ ቦታዋም አንድ ትንሽ ሻንጣ ቢይዝ ነው። የፊት ጎማዎቿ ከገላዋ ውጭ ስለ ሆኑ ነጂው ሲሄድ ያያቸዋል። ነጂውና ጎረቤቱ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ወንበሩም ከመሬት እጅግ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በጎን በኩል እጁን የዘረጋ ሰው አስፋልቱን ሊነካ ይችላል።

ታዲያ ይህችን የመሰለች ጎዶሎ መኪና የሚወድ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ወላጆቻችንም ምናልባት ይህን ይሉ ይሆናል። መልሱ እነሆ። በተደላደለ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከመንገዱ ተለይቶ በክፍል ውስጥ እንዳለ ነው። ድምፁ ይታፈንለታል፤ ጉድጓዱ ይለሰልስለታል፤ መሪው በሌላ ኃይል እየታገዘ ይዞርለታል። በሴቨን የተቀመጠ ሰው ግን ሁሉን በገዛ ሰውነቱ ይቀበላል። የፊት ጎማ ጠጠር ሲረግጥ በመሪው በኩል መዳፉ ያውቃል፤ የኋላ ጎማ ሊንሸራተት ሲል ወገቡ አስቀድሞ ይሰማዋል። ሞተሩ ሲጨነቅ ከእግሩ ፊት ስለ ሆነ ጆሮው ይነግረዋል። መሪውን በጣት ያህል ቢያዞር መኪናዋ በዚያው ልክ ትዞራለች፤ ቢሳሳትም ስሕተቱን ወዲያው ታሳየዋለች። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር መሄድ በዚች መኪና ውስጥ ትልቅ ፍጥነት መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ደስታውን ለማግኘት እንደ እብድ መሮጥ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ መኪና ሰውን ተሸክሞ ከመሄድ አልፎ ነጂነትን ያስተምራል።

ስለዚህ ፍቅር ለመናገር ከአገራችን ታሪክ አንድ ነገር መጥቀስ ይበቃል። የጥንት ጀግኖቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ እንደ ነበረ ሁላችንም ተምረናል። ሰው ከበቅሎ ይልቅ ፈረስን በስም አንስቶ የፎከረው በቅሎ ስለማትመች አይደለም። በቅሎ ለረጅም መንገድ የተሻለች፣ ጭነትም የምትችል ናት። ነገር ግን ፈረስ የተቀመጠበትን ሰው ልብ አውቆ ይመልሳል፤ ለሰነፍ ፈረሰኛ አይገዛም፤ ለጎበዝም ክንፍ ይሆንለታል። የቀላሏ መኪና ባለቤቶች ስሜት ከዚህ የተለየ አይመስለንም። የሚወዱት የመኪናዋን ምቾት ሳይሆን በመኪናዋ ላይ ሲቀመጡ ራሳቸው የሚሆኑትን ሰው ነው።

ለፍቅሩ ሌላም ምክንያት አለ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ ያለቀለት መኪና የገዛ ሰው ከባድ ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ ያልተገጣጠመ ዕቃ የገዛ ግን ከዚህ ቀረጥ ነጻ ነበረ። ቻፕማንም ሴቨንን በብትን ዕቃ መሸጥ ጀመረ። ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ጎማው በሣጥን ይመጣል፤ ገዢው በቤቱ ጓሮ ይገጥማል። ሕጉ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ይከለክል ስለ ነበር፣ ኩባንያው የመፈታቻ መመሪያ ሰጥቶ ገዢው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲያነበው አደረገ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ይህ ወሬ ሳቅ ቢያመጣም ቁም ነገሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱን ብሎን በገዛ እጁ ያጠበቀ ሰው፣ መኪናው ስታጓራ ድምፁ ከየት እንደ ተነሣ ያውቃል። በገንዘብ ብቻ የተገዛ ነገር የእኛ የሚሆነው በወረቀት ሲሆን፣ በድካም የተሠራ ነገር ግን በልብም የእኛ ይሆናል። ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ወጣት መምህር ወይም ጸሐፊ፣ ሀብታም ብቻ ያገኘው የነበረውን ደስታ በድካሙ ሊያገኝ ቻለ። ቅዳሜ ዕለት በእሽቅድምድም ሜዳ ተወዳድሮ፣ ሰኞ በዚያችው መኪና ወደ ሥራው የሚሄድ ሰውም ነበረ።

ኩባንያው እያደገ ሲሄድ ቻፕማን በ1959 ወደ ቼስሀንት፣ በ1966 ደግሞ በኖርፎክ አውራጃ ወደ ሄተል አዛወረው። ሄተል በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ይነሡበት የነበረ ሜዳ ነው። አውሮፕላኖች ይንደረደሩበት የነበረው አስፋልት የመኪና መፈተኛ ሆነ።

በዓለም የታወቀው ግን በእሽቅድምድም ነው። በ1962 ሎተስ 25 የተባለችውን መኪና ባወጣ ጊዜ፣ ያንኑ የቱቦ ሻንሲ ራሱን አስወግዶ ገላዋ ራሱ ሸክሙን እንዲችል አደረገ። እንቁላል ውስጡ ምሰሶ ሳይኖር በቅርፊቱ ብቻ እንደሚጠነክር ያለ ማለት ነው። ይህችን መኪና የነዳው ጂም ክላርክ የተባለ ስኮትላንዳዊ በግ አርቢ ገበሬ ነበረ። ክላርክ በ1963ና በ1965 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1965ም ባሕር ተሻግሮ የአሜሪካን የ500 ማይል የኢንዲያናፖሊስ እሽቅድምድም አሸነፈ። በ1967 ደግሞ ሎተስ 49 ስትወጣ፣ ቻፕማን የመኪናዋን የኋላ ሻንሲ ጨርሶ አስቀርቶ ሞተሩ ራሱ እንደ አጥንት ሆኖ የኋላ ጎማዎችን እንዲሸከም አደረገ። መኪናዋም በመጀመሪያ ውድድርዋ በሆላንድ አሸነፈች። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ከሠራ ሌላው ዕቃ ትርፍ ነው፤ የቻፕማን ጥበብ ሁሉ በዚህ አሳብ ይጠቃለላል። በሕይወት ዘመኑ ሎተስ የመኪና ሠሪዎችን የዓለም ሻምፒዮንነት ሰባት ጊዜ ወሰደች፤ ነጂዎቿም ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ድል በተገኘ ቁጥር ቻፕማን ጥቁር ቆቡን ወደ ሰማይ ይወረውር እንደ ነበረ በፎቶግራፍ ይታያል።

እስከዚህ ድረስ የተረክነው የድሉን ወገን ነው። አሁን ደግሞ ዋጋውን መናገር አለብን፤ የሰውን ታሪክ ግማሹን ብቻ መጻፍ እውነትን መደበቅ ነውና። ከመኪና ላይ ክብደት የሚቀንስ ሰው ሁልጊዜ በአንድ ጠባብ ድንበር ላይ ይሄዳል። ከድንበሩ ወዲህ ያለው ትርፍ ብረት ነው፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለው ግን የሰው ሕይወት ነው። በ1960 በቤልጅግ በስፓ ሜዳ በልምምድ ጊዜ፣ ስተርሊንግ ሞስ ይነዳት የነበረችው ሎተስ ጎማዋ ተነቅሎ ወጣና ሞስ እግሮቹ ተሰበሩ። በኤፕሪል 7 ቀን 1968 ጂም ክላርክ በጀርመን አገር በሆክንሃይም ሲወዳደር ከመንገድ ወጥቶ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ክላርክ ለቻፕማን ከነጂ በላይ የቅርብ ወዳጅ ስለ ነበረ ኀዘኑ እጅግ ጽኑ ሆነ። አንድ ወር በሞላው በሜይ 7 ቀን፣ ማይክ ስፔንስ በኢንዲያናፖሊስ ሎተስ ሲነዳ በልምምድ ላይ ሞተ።

በ1969 ዮኸን ሪንት የተባለው ኦስትሪያዊ ነጂ የሎተስ ባልደረባ ሆነ። በዚያው ዓመት በስፓኝ ውድድር የመኪናው ክንፍ ተሰብሮበት ተጋጨና ቆሰለ። ከዚህ በኋላ ለቻፕማን ደብዳቤ ጻፈለት። አሳቡም፣ መኪናዎቹ እጅግ ፈጣኖች ስለ ሆኑ ደካማ ክፍሎቻቸውን ለማጠንከር ጥቂት ኪሎ ቢጨመርባቸው እንኳ ከማሸነፍ አይቀሩም፤ እኔም የምነዳው የማምነውን መኪና ብቻ ነው የሚል ነበረ። ይህ ደብዳቤ የአንድ ሠራተኛ ቅሬታ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለው ጥያቄ መሐንዲስ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ነው፤ ይኸውም የጥቂት ኪሎ ክብደትና የአንድ ሰው ነፍስ በሚዛን ቢቀመጡ የትኛው ይደፋል የሚል ነው። በሴፕቴምበር 5 ቀን 1970 ሪንት በኢጣልያ በሞንዛ በልምምድ ላይ ሳለ፣ ፍሬን በያዘበት ቅጽበት መኪናው ወደ ጎን ተወርውሮ ከመንገዱ ዳር መከላከያ ብረት ጋር ተጋጨና ሞተ። የፊት ፍሬኑ ዘንግ ተሰብሮ ተገኘ። የመከላከያው ብረትም በደንብ ያልተተከለ ነበረ ተባለ። እስከዚያ ቀን ያገኘውን ነጥብ ማንም ስላልደረሰበት ሪንት ከሞተ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። ከሞት በኋላ ይህን ማዕርግ ያገኘ ከእርሱ በቀር የለም።

በዚያ ዘመን የሎተስ ነጂዎች ብቻ ይሞቱ ነበር ብለን ብንጽፍ ፍርዳችን የተጣመመ ይሆናል። ሜዳዎቹ ራሳቸው አደገኞች ነበሩ፤ የሌሎች ኩባንያዎች ነጂዎችም በየዓመቱ ይሞቱ ነበር። ደግሞም ነጂዎቹ ወደ ቻፕማን የመጡት ተገደው አልነበረም፤ በእርሱ መኪና ያለውን ፍጥነት ፈልገው ነው። ሆኖም የነጂው ፈቃድ የመሐንዲሱን ኃላፊነት አያወርድለትም። ነጂው አደጋውን ያያል፤ ዘንጉ ውስጥ ያለውን ስንጥቅ ግን ማየት አይችልም። የማይታየውን የሚያውቅ ሠሪው ብቻ ስለ ሆነ፣ የማይታየው ሸክም በሠሪው ትከሻ ላይ ነው።

ቻፕማን ከዚህም በኋላ አእምሮው አልደከመም። በ1977ና በ1978 ከመኪናው ሆድ በታች የሚያልፈውን አየር ተጠቅሞ መኪናውን ወደ መሬት የሚስብ ሥራ አወጣ፤ በዚሁም ማሪዮ አንድሬቲ በ1978 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ሌላው የሎተስ ነጂ ሮኒ ፒተርሰን በሞንዛ በደረሰበት ግጭት ምክንያት ስለ ሞተ፣ ድልና ኀዘን እንደ ገና አብረው መጡ።

በመጨረሻው ዘመኑ ደግሞ ስሙን ያጎደፈ ነገር ተነሣ። ጆን ዴሎሪያን የተባለው አሜሪካዊ በሰሜን አየርላንድ በቤልፋስት አጠገብ፣ በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ እየተረዳ የመኪና ፋብሪካ ከፈተ፤ የመኪናውንም የምሕንድስና ሥራ ለሎተስ ሰጠ። ለዚሁ ሥራ ከተከፈለው ውስጥ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆነው ወደ ሌላ መንገድ እንደ ሄደ ታወቀ። ምርመራው ገና በመጀመር ላይ ሳለ፣ በዲሴምበር 16 ቀን 1982 ቻፕማን በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። ዕድሜውም 54 ዓመት ነበረ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1992 የኩባንያው የሒሳብ ሹም የነበረው ሰው ሦስት ዓመት ሲፈረድበት፣ ዳኛው ቻፕማን በሕይወት ቢኖር ኖሮ ከዐሥር ዓመት የማያንስ እስራት ያገኘው ነበር ብለው ተናገሩ። ሙት መልስ ስለማይሰጥ እኛ በላዩ ፍርድ አንጨምርም፤ ነገር ግን ዝም ብለን ማለፍም አልቻልንም።

ሰውየው ሞተ፤ አሳቡ ግን አልሞተም። በ1973 ኬተርሀም የተባለው ኩባንያ ሴቨንን የመሥራት መብት ከሎተስ ገዝቶ፣ ያችኑ በር የለሽ መኪና እስከ ዛሬ ይሠራል። ዛሬም ቢሆን ገዢው ከፈለገ በብትን ዕቃ ወስዶ በቤቱ መገጣጠም ይችላል። ጃፓናውያን በ1989 ያወጧት ትንሿ ማዝዳ ባለሁለት ወንበር፣ በ1962 ከተጀመረችው ከሎተስ ኤላን አሳብ የወሰደች ናት። ሎተስም ራሱ በ1996 ከተጣበቀ አሉሚኒየም የተሠራች፣ ከ750 ኪሎ በታች የምትመዝን ኤሊዝ የምትባል መኪና አውጥቶ እስከ 2021 ድረስ ሠርቷል። በ2008 የወጣችው የመጀመሪያዋ የቴስላ ኤሌክትሪክ መኪናም ገላዋ ከዚችው ኤሊዝ የተወለደ ሲሆን የተገጣጠመችውም በዚያው በሄተል ነበረ።

የዛሬ መኪናዎች ከቻፕማን ዘመን መኪናዎች እጅግ ይከብዳሉ። ከዚህ ክብደት ከፊሉ ለምቾትና ለኩራት የተጨመረ ነው፤ ከፊሉ ግን ግጭት ሲደርስ የሰውን ነፍስ የሚያድን ብረትና የአየር ከረጢት ነው። የመጀመሪያውን ክብደት ቻፕማን በትክክል ጠላው። ሁለተኛውን ክብደት መጥላት ግን ለማንም አልተፈቀደም። ሪንት በደብዳቤው የለመነው ይህንኑ ልዩነት ነበረ።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ከመካከላችን መሐንዲሶች፣ ሐኪሞች፣ መምህራን፣ ሹማምንትም እንደሚወጡ ተስፋ እናደርጋለን። የምንሠራው መኪና ባይሆንም ከቻፕማን የምንማረው አለ። ትርፍ ነገርን ከሥራችን ማስወገድ፣ የቀረውን ማስተባበር፣ በእጃችን የቀረችውን የማትሸጥ አሮጌ መኪና ሳይቀር የአዲስ ሥራ መጀመሪያ ማድረግ ከእርሱ የሚገኝ መልካም ትምህርት ነው። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የማይቀነሰውን ነገር ለይተን እናስቀምጥ። ማናቸውም ሥራ በጎደለ ብረት ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በጎደለ ኃላፊነት የቀለለ ሥራ ግን ሌላ ሰው በነፍሱ ይከፍልበታል። ሥራችን ቀላል፣ ኃላፊነታችን ከባድ ይሁን።